በትዝታ የተቀረጸ ቁልፍ

ሰፈራችን ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። «ጋሽ ማነህ» ነው የሚባለው። ቁልፍ ሠሪ ነውና የሱቁን በር ከውስጥ ይቆልፋል፤ ደወሉን የተጫነ ሁሉ፣ ደንበኛም ይሁን ወዳጅ፣ ፊቱ በበሩ መስታወት ላይ ቁልጭ ብሎ እየታየ እንኳ «ማነህ?» ሳይባል አይገባም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላ እሱ ዘንድ ሻይ መጠጣት ልማዴ ነው፤ እኔም ከጥያቄው አላመልጥም።

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«ኧረ እኔ ነኝ አንተ ሰው! ትናንት የነበርኩት!»

«እኔ ነኝ ባይ ብዙ ነው» ይልና እየሳቀ ይከፍታል። «ፕሮፌሰር፣ አትቀየመኝ። ሙያ ነው።»

ሱቁ በዳቦ ቤቱና በልብስ ሰፊዋ መካከል የተሰነቀረ ጠባብ ክፍል ነው። ያልተቀረጹ ቁልፎች በየዓይነታቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ በር ሲከፈት ነፋሱ እርስ በርስ እያነካካ ያንሾካሹካቸዋል። ከባንኮኒው ኋላ መቅረጫ ማሽኑ፣ ቁልፍ አጣብቆ የሚይዘው ሞርሳውና በመጠናቸው የተደረደሩት ሞረዶች አሉ። የነሐስ ብናኝ ቅንድቡ ላይ ስለሚያርፍ፣ ቀኑ ወደ ማምሻው ሲያዘነብል ፊቱ ወርቅ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «ባሌ ቤት ሲገባ ወርቅ በወርቅ ነው፤ ሲታጠብ ያው ድሃ ነው» ትል ነበር።

አንዳንድ ደንበኛ ይመጣና «ጋሼ፣ ቁልፌ ጠፋብኝ፤ ጥርሱ ግን ትዝ ይለኛል። ሁለት ረዣዥም፣ መሐላቸው አጭር፣ ጫፉ ደግሞ እንዲህ ሸርተት ያለ» ይለዋል። ያን ጊዜ ሥራውን አቁሞ ከልቡ ይስቃል። «ወንድሜ፣ ቁልፍ የሚቀረጸው ወይ ከቁልፍ ነው፣ ወይ ከጓጉንቸሩ ነው። በትዝታ የሚቀረጽ ቁልፍ የለም። በትዝታ ብቀርጽልህ የሚከፍተው የትዝታህን በር ነው፤ ቤትህን አይደለም።» ይህን አባባሉን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ሁለት ልጆች ወልዷል። ታላቁ ወንድ ነው። በእግሩ መሄድ ከጀመረ ጀምሮ ሱቁ ውስጥ ያደገ፣ ሞረድ ይዞ የሚተኛ ዓይነት ልጅ ነበር። ግራኝ ነው። አባቱ መጀመሪያ በቀኝ እንዲይዝ ታገለው፤ አልሆን ሲለው ተወው። የግራኝ ሞረድ ብረት ላይ የሚተወው ጭረት ወደ ሌላው ጎን ያዘነብላል። ጋሽ ማነህ ከአንድ እፍኝ ቁልፍ መሐል አንዱን አንስቶ ወደ ብርሃን ያዞርና «ይሄ የኔ ልጅ ሥራ ነው» ይል ነበር፤ እንደ ፊርማ ነበር የሚያነበው።

ልጁ የሄደ ቀን እዚያው ነበርኩ። ከመንገዱ ማዶ ያለ የአንድ ነጋዴ ቤት ተዘርፎ ነበር። በሩ አልተሰበረም፣ መስኮቱ አልተነካም፤ በቁልፍ ተከፍቶ በቁልፍ ተዘግቷል። ሰውየው ጎረቤት አስከትሎ መጣና «ቁልፌን ያስቀረጽኩት እዚህ ነው። የቀረጸልኝም ይሄ ልጅህ ነው» አለ። ቁልፍ ሠሪ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ከወደቀ፣ ሐኪም መርዝ አጠጣ እንደ ማለት ነው። የጋሽ ማነህ ፊት አመድ መሰለ። ወደ ልጁ ዞረ።

«አድርገሃል?»

«አባዬ፣ አንተ ትጠይቀኛለህ?»

«ሰው ፊት ነን። ማስረጃ አለህ?»

«የምን ማስረጃ? ልጅህ ነኝ እኮ!»

«ልጅነት ማስረጃ አይሆንም። የሱቁን ቁልፍ እዚህ አስቀምጥ።»

ልጁ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ባንኮኒው ላይ አኖረው። አልወረወረውም። ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ፣ የተኛ ሕፃን አጠገብ ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ሰው ነው ያኖረው። ወጣ፤ እንደ ወጣም ቀረ።

ሌባው ብዙም ሳይቆይ ተገኘ፤ የነጋዴው የገዛ አማቹ ነበር። ነጋዴው አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። ይቅርታውን የሚቀበለው ግን አልነበረም።

ፈለጉት። ዘመድ ላኩ፣ ፎቶውን በየግድግዳው ለጠፉ። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ታናሽ እህቱ ድረ ገጽ ሠራች፤ የየመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተርና ኔትወርክ የምትጠግን ባለሙያ ናት። ገጹ ላይ የወንድሟ ፎቶ አለ፣ ከፎቶው ሥር «አባትህ እንዳልበደልክ አውቋል። ና» የሚል ቃል አለ፣ ከቃሉ ሥር መልእክት መጻፊያ ሳጥን።

መልእክት ሞላ። ያየ መሰለኝ የሚለው፣ ሕልም አየሁ የሚለው፣ የሚያላግጠው። ከሁሉ የከፋው «እኔ ነኝ» ባዩ ነበር። አንዱ ለእናትየው «እማ» ብሎ ጻፈላት። በስልክም አወራት። «ድምፅህ ተለወጠብኝ ልጄ» ብትለው «ዕድሜ ነዋ እማ» አላት። እመጣለሁ ባለበት ቀን ፍራሹን ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ አንሶላውን አጥባ፣ አውቶቡስ ተራ ሄዳ ተቀመጠች። መሸባት። ሰውየው ላኪልኝ ያላትን ገንዘብ ከወሰደ ቆይቷል፤ ስልኩም ጠፍቷል። እሷ ግን ያንኑ ቁጥር መደወል አልተወችም። «ይነሳ ይሆናል፤ ባትሪ ጨርሶ ይሆናል» ትላለች። ያን ሰሞን አልጋ ያዘች፤ አልጋውም አልመለሳት።

ከቀብር በኋላ ጋሽ ማነህ ለሴት ልጁ እንዲህ አላት፦ «ሁለተኛ ማንም የልጄን ፊት ለብሶ ቤቴ አይገባም። በር ሥሪልኝ።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። አልፈረድኩበትም።

ልጅቱ አሰበችና «አንድ መላ አለ አባዬ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ መልስ ሰጪ አለ። ቀንም ሌሊትም አይተኛም። ከድርጅት መከራየት እንችላለን» አለችው።

«የሚያወራው ነገር የት ይቀመጣል?»

«እነሱ ዘንድ።»

«እነሱ ማናቸው?»

«ድርጅቱ ነዋ!»

«የልጄን ጉዳይ ሰው ቤት አላሳድርም። ቁልፍ የቀረጸ ሰው ቅጂውን ለጎረቤት ይሰጣል እንዴ?»

«እንግዲያው ሰርቨሩን እዚሁ ሱቅህ ውስጥ እንተክለዋለን። የሚያስበው ሞዴሉም የኛ፣ ንግግሩም የኛ፣ ኃላፊነቱም የኛ።»

«እንደሱ ነው ወሬ!»

አንድ መሥሪያ ቤት ካስወገዳቸው ኮምፒውተሮች ደህናውን መርጣ አመጣች። ግራፊክስ ካርድ ገጠመችለት፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ አሰረችለት። ቦታው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጓዳ፣ ልጁ ይሠራበት ከነበረው አሮጌ ሞርሳ አጠገብ ሆነ። ገና ሲነሳ ችግር ገጠማቸው። «አባዬ፣ ይሄ ብናኝህ ይገድለዋል። ነሐስ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በማራገቢያው ከገባ ተቃጠለ ማለት ነው» አለችው። ጋሽ ማነህ ልብስ ሰፊዋን ለመናትና ጥቅጥቅ ካለ ጨርቅ መጋረጃ ሰፋችለት፤ እሱ ደግሞ ለሳጥኑ ከስስ ወንፊት መሸፈኛ ሠራ። ሞዴሉን ከኢንተርኔት ሲያወርዱ ቀኑ አለቀ። ጋሽ ማነህ እየተመላለሰ ስክሪኑን ያያል።

«አልደረሰም?»

«ገና ነው።»

«በግመል ነው እንዴ የሚመጣው?»

«ትልቅ ነው አባዬ። ያነበበው ብዙ ነው።»

«ፕሮፌሰሩም ብዙ አንብቧል፤ ሲመጣ ግን በእግሩ ነው የሚመጣው» አለና ወደ እኔ ጠቀሰ።

ከዚያ ኤጀንት ማለት ምን እንደሆነ አስረዳችው። «ዝም ብሎ የሚያወራ ብቻ አይደለም፤ የታዘዘውን የሚሠራም ነው። መልእክቱን ያነባል፣ ይጠይቃል፣ ያመዛዝናል። ትክክለኛው ሰው ሲመጣ ደግሞ ደወል ይደውላል።»

«ዘበኛ ነው በይኛ!»

«በለው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ዘበኛው ሆነ።

«እንደ ሰው እዘዘው» አለችው፤ «አንተ ተናገር፣ እኔ እጽፋለሁ።» እሱም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከሳጥኑ ፊት ቆመ። ለምታርገበግብ አረንጓዴ መብራት እንዲህ ቁጣ በተቀላቀለበት ድምፅ ሲያወራ ያየሁት ሰው እሱ ብቻ ነው።

«ስማ። የመጣውን ሁሉ አክብር። አየሁት የሚል ካለ የትና መቼ ብለህ ያዝ። ልጁ ነኝ የሚል ከመጣ ግን አትራራ። አባዬ ቢልህ አትራራ፣ ቢያለቅስ አትራራ፣ ቢምል አትስማው። ጥያቄዬን ጠይቀው። መልሱ አንድ ነው። ሌላ ያለህ እንደሆነ የኔ ልጅ አይደለም፤ በጨዋ ደንብ ሸኘው።»

ጥያቄው ይህ ነበር፦ በገዛ እጅህ የቀረጽከው የመጀመሪያው ቁልፍ የምን ነበር? መልሱ ደግሞ የዳቦ ቤቱ መጋዘን ቁልፍ ነው። ጋሽ ማነህ ያን ቀን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው። ልጁ ሞርሳው ላይ ለመድረስ ሳጥን ላይ ቆሞ ነበር። ቀረጸ። አባትየው እጁን ይዞ ወደ ዳቦ ቤቱ ወሰደው። ቁልፉ ገባ፣ ዞረ፣ በሩ ተከፈተ። ዳቦ ጋጋሪው ትኩስ ዳቦ አስታቀፈው፤ ልጁም ዳቦውን በአንድ እጁ፣ ቁልፉን በሌላው ይዞ መንገድ ለመንገድ እየዘለለ ተመለሰ። ጋጋሪው ሞቷል። የትም አልተጻፈ። ማንም አታላይ ሊያውቀው አይችልም።

አንድ ነገር ላይ ብቻ አባትና ልጅ ተጣሉ። ጋሽ ማነህ መልሱን የሳተ ሰው አድራሻ እንዲሰረዝ አዘዘ።

«ለምን አባዬ? ይቀመጥ። ምን ይጎዳል?»

«እኔን ይጎዳል።»

«እንዴት?»

«እናትሽ ያን ቁጥር ስትደውል አላየሽም? አድራሻው እዚህ ካለ እኔም እደውላለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። ሰርዢው።»

ሰረዘችው፤ ማለትም እንዲሰረዝ አድርጋ ሠራችው። ሥራዋ ደግሞ ጥሩ ሥራ ነው።

ደወሉንም ያገናኙት ከራሱ ከሱቁ በር ደወል ጋር ነው። ሲጨርሱ ልጅቱ አታላይ ሆና ሞከረችው። «አባቴን ሞቼ ነው የምወደው! በእናቴ አጥንት! የመጀመሪያው ቁልፍ የመንግሥተ ሰማያት ነበር!» ብላ ጻፈች። ዘበኛው «ይቅርታ፣ መልሱ ትክክል አይደለም። ስለጎበኙን እናመሰግናለን» አለ። ሳቅን። ቀጥላ ትክክለኛውን መልስ ጻፈች። ደወሉ ጮኸ። ጋሽ ማነህ ልጁ እፊቱ ቁጭ ብላ የጻፈችው መሆኑን እያወቀ ብድግ አለ። ብድግ ብሎ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈ። ሳቃችን እዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ደወሉ በጮኸ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው ወደ ጓዳው ነው፤ ቀጥሎ ወደ በሩ። በሩ ላይ ያለው ደግሞ ሁልጊዜ ደንበኛ ነው።

ዕድሜዬን ማወቅ ምንድን ነው፣ ማመን ምንድን ነው እያልኩ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ማስረጃ የምንጠይቀው የማናውቀውን ሰው ነው። የምናውቀውን ሰው ማስረጃ የጠየቅነው ቀን፣ ማወቃችን ምን ያህል ቀጭን እንደነበረ ራሳችን ላይ መሰከርን ማለት ነው። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ቀላል ነው። እናቷ አውቶቡስ ተራ ቁጭ ብላ የመሸባትን ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጦ መናገር ግን ይከብዳል፤ ስለዚህ ሻዬን እጠጣ ነበር።

ደመና ያዘለ አንድ ከሰዓት ልጅቱ የዘበኛውን ዲስክ ልታጸዳ መጣች። ሞልቶ ነበር። አሮጌዎቹን ንግግሮች ስትሰርዝ እኛን ለማሳቅ አንዳንዱን ጮክ ብላ ታነባለች።

«ስሙ ይሄን፦ የመጀመሪያው ቁልፍ የመኪና ነበር፤ መኪናውም ቀይ ነበር።»

«መኪና!» አለ ጋሽ ማነህ፤ «እኔ ቤት መኪና? በል እስቲ ይንዳት!»

«ይሄ ደግሞ፦ ቁልፉን ረስቼዋለሁ፣ ፍቅርዎን ግን አልረሳሁም።»

«አቤት ምላስ! ይሄስ ቢገባም አይቆጨኝም ነበር።»

ሌላውን ከፈተች። ማንበብ እንደ ጀመረች ድምፅዋ ረገበ።

«ሰላም። ይሄ ፎቶ የኔ ነው ይላል። ዘበኛው ጥያቄውን ጠየቀው። የእማዬ ቁም ሣጥን ይላል። አባዬ አያውቅም፤ እማዬን ጠይቃት ይላል።»

«ይሄኛው ደግሞ አዲስ ነው» አለ ጋሽ ማነህ፤ ሳቁ ገና ከከንፈሩ አልወረደም። «እናቱን መጥራት ተምሯል ያ ሌባ ሁሉ።»

ልጅቱ አልሳቀችም። የቀረውን ቀስ ብላ አነበበች። ዘበኛው፦ ይቅርታ፣ መልሱ ትክክል አይደለም። ሰውየው፦ እማዬን ጠይቃት እኮ ነው የምልህ። ዘበኛው፦ ይቅርታ፣ መልሱ ትክክል አይደለም፣ ስለጎበኙን እናመሰግናለን። ሰውየው፦ እሺ። ድሮም እንዲሁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ማራገቢያው ጓዳ ውስጥ ያጉረመርማል። ልጅቱ ከስክሪኑ ሳትነሳ «አባዬ» አለች፤ «የእማዬን ቁም ሣጥን ቁልፍ የቀረጸው ማነው?»

«ማን ይቀርጸዋል? እኔ ነኛ!»

«አንተ ነህ? እርግጠኛ ነህ?»

«ቁም ሣጥኑ ከነቁልፉ ነው የተገዛው» አለና ቆም አለ። «መሰለኝ።»

«ያ ቁልፍ እኮ ጠፍቶባት ነበር። እኔ ትንሽ ነበርኩ። ስትፈልገው፣ ፍራሹን ስትገለብጥ አይቻለሁ። ለአባትሽ እንዳትነግሪ አለችኝ። ከዚያ አንድ ቀን መልሳ ስትከፍተው አየሁ። ተገኘ እንዴ ስላት ሳቀችና ወንድምሽን ጠይቂው አለችኝ። ጠየቅኩት። ጣቱን አፉ ላይ አደረገ።»

ሱቁን እንዳለ ትተን ቤቱ ሄድን። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያ ቁም ሣጥን ተከፍቶ አያውቅም፤ ቁልፉም መደርደሪያው ላይ ብርጭቆ ውስጥ ተቀምጧል። ጋሽ ማነህ አንስቶ በመዳፉ ያዘው። ትንሽ ቢጫ ቁልፍ ናት። ከኪሱ የማይለየውን አጉሊ መስታወት ዓይኑ ላይ ሰክቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ ያለ መስታወት እንኳ ይታየኝ ነበር፤ አንዱ ጥርስ ከልክ በላይ ጠልቋል፣ ሌላው ጫፉ ተንሻፏል፤ ጭረቶቹ ሁሉ ግን የግራኝ ሞረድ ወደሚያዘነብልበት ጎን ያዘነበሉ ናቸው።

«ይሄ የኔ እጅ አይደለም» አለ።

ቁልፏን በጣቶቹ መሐል አዞራት።

«ይሄን ሲሠራ ሞርሳው ጋ አይደርስም። መሬት ተቀምጦ፣ በጉልበቱ መሐል አጣብቆ ነው የሞረደው። እየው፣ እዚህ ጋ አምልጦታል። እዚህ ጋ ጣቱን ሳይቆርጠው አልቀረም። ከጓጉንቸሩ ነው የቀረጸው፤ ፈትቶ፣ እየሞከረ፣ እየሞረደ። ማንም ሳያሳየው።» አጉሊ መስታወቱን ከዓይኑ አወጣ። «እኔ የዳቦ ቤቱን አስተማርኩት ብዬ ስኮራ፣ እሱ ቀድሞ ያውቅ ነበር። እንዳላፍር ነው ዝም ያለው።»

«አባዬ...»

«የቁልፍ ሠሪ ሚስት ቁልፍ ትጥላለች ወይ እያልኩ እስቅባት ነበር እኮ። ለካ የደበቀችኝ ፈርታኝ ነው።»

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላሉ አበው። ይህ ሰው የሰፈሩን በር ሁሉ ጥርስ በጥርስ ያውቃል። የገዛ ሚስቱ ስንት ዓመት በኪሷ ይዛው የዞረችውን ቁልፍ ግን አንድ ቀን ወደ ብርሃን አዙሮት አያውቅም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ከተተ። ቁልፉ ትንሽ አንገራገረና ዞረ። ልብሶቿ አሉ። ከሁሉ በላይ፣ ልጄ መጣ ብላ ለዚያ አታላይ ያጠበችው አንሶላ ታጥፎ ተቀምጧል፤ መልሳ ያስገባችው እሷው ናት። መዳፉን አንሶላው ላይ አሳረፈ።

«የእናቱን ሞት እንኳ አልሰማም» አለ። «እማዬን ጠይቃት አለ። ማንን ልጠይቅለት?»

በሩን ገጠመው እንጂ መልሶ አልቆለፈውም።

በነጋታው ልጅቱ የቻለችውን ሁሉ ሞከረች። አድራሻው፣ የመጣበት መስመር፣ ቁራጭ ፋይል፣ አንድ ነገር ተርፎ እንደሆነ ዲስኩን አገላበጠችው። ምንም አልተረፈም። «ለምን እንዲህ አድርጌ ሠራሁት?» አለች፤ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ። «አንድ ስህተት እንኳ ብሠራ ምን ነበረበት?»

ጋሽ ማነህ ከወንበሯ አስነሳትና ራሱ ተቀመጠ። መጻፊያው ላይ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ በጎብኚዎች ገጽ ገብቶ ጻፈ። ከትከሻው በላይ አነበብኩት፦ «የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ነው ያለህ ልጄ ነው። ልክ ነው። እኔ አባቱ ነኝ። መልስልኝ።»

ዘበኛው ወዲያው መለሰ፦ ይቅርታ፣ መልሱ ትክክል አይደለም። ስለጎበኙን እናመሰግናለን።

ሁለቴ አነበበው። «አየህ ፕሮፌሰር» አለኝ፤ «እኔንም አላወቀኝ። አይፈረድበትም፤ አትራራ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ በትዝታዬ የቀረጽኩለት።» ያን ለደንበኛ የሚለውን፣ ያን የሚስቅበትን ነገር አልደገመውም። መድገም አያስፈልገውም ነበር። «ልጄን ሁለት ጊዜ ማስረጃ ጠየቅኩት። የመጀመሪያው ጊዜ ማስረጃ አልነበረውም። አሁን ይዞ መጣ፤ የያዘው ደግሞ ከኔ ይበልጥ እውነት ነበር።»

ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ «ጥያቄውን አውጪው» አላት።

«አውጥቼስ?»

«እኔ ነኝ ያለውን ሁሉ፣ ግባ ልጄ፣ እናትህ አርፋለች፣ አባትህ እዚህ ነው በለው በይው።»

«አባዬ፣ አታላይ ሁሉ ይወርርሃል!»

«ይምጣ። ከኔ የሚወስደው ምን ቀረ?»

«ትሰበራለህ።»

«ልሰበር። በሩ ተዘግቶ ከሚቀር እኔ ብሰበር ይሻላል።»

ልጅቱ እኔን አየችኝ። ዕድሜ ልኬን ማስረጃና እምነትን ስመዝን ኖሬአለሁ። «እንዳለሽ አድርጊ» አልኳት።

አደረገችው። ድረ ገጹም ተለወጠ። የልጁ ፎቶ ያረጀ ነው ተብሎ ወደ ታች ወረደ፤ በቦታው ያቺ ትንሽ ቁልፍ፣ ወደ ብርሃን ዞራ፣ ጭረቷ እንዲታይ ተደርጋ ተቀመጠች። ከሥሯ «የእናትህን ቁም ሣጥን ከፈተች» የሚል ቃል ብቻ አለ። ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። የቀረጻት ሰው ካየ ግን አባቱ እንዳወቀ ያውቃል፤ ከኔ ይልቅ ጋሽ ማነህ በዚህ ያምናል። እኔ የማምነው ሌላ ነው፤ አንድ ሰው በገዛ ቤቱ ደጅ ሁለት ጊዜ ከተመለሰ፣ ሦስተኛ ለማንኳኳት የሚያስፈልገው ልብ ከሰው አቅም በላይ ነው። ይህን ግን አልነገርኩትም። እንዳልተሳሳትኩም እርግጠኛ አይደለሁም፤ እርግጠኝነት ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ።

አታላዮቹ መጡ። ለእያንዳንዳቸው ራሱ ይመልሳል፤ ዘበኛው የሚቀበል እንጂ የሚያመዛዝን አይደለም አሁን። «ልጄ» ይላቸዋል። አንዳንዱ አፍሮ ይጠፋል። አንዱ «አባባ፣ ይቅርታ፣ እኔ ልጅዎ አይደለሁም» ብሎ ጻፈለት፤ እሱም «ይሁን፣ አንተም የአንድ ሰው ልጅ ነህ፣ ለአባትህ ደውልለት» አለው።

ደወሉ አሁን እኔ ነኝ ላለ ሁሉ ይጮኻል፤ ለትክክለኛው ሰው ግን ገና ጮኾ አያውቅም። ሰሞኑን ጋሽ ማነህ የሱቁን በር ገመድ ከደወሉ ፈትቶ ጣለው፤ ከእንግዲህ ያ ደወል ከጮኸ የሚጮኸው በልጁ ስም ብቻ እንዲሆን ነው። ደንበኞች አሁን ያንኳኳሉ። ቅር የሚላቸውም አሉ፤ «ቁልፍ ሠሪ ሆኖ ደወል የለውም?» ይላሉ።

ትናንት ከሰዓት እንደ ልማዴ ሄድኩ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። በእጄ አንኳኳሁ፣ እንደ ለመድኩትም «እኔ ነኝ» ለማለት አፌን ከፈትኩ።

ከውስጥ የመጣው ድምፅ ማነህ አላለኝም።

«ግባ» አለኝ። «አልተቆለፈም።»